ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፦ የአየርላንድ የሶዳ ዳቦና የእኛ ድፎ

አየርላንዶች የሚኮሩበት አንድ ዳቦ አላቸው። እርሾ የለውም፣ ቡሖው አያድርም፣ ዱቄቱ ከተነካበት ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ገበታ ላይ ይቀርባል። የሚያስነሳው ሶዳ ነው፤ ሱቅ ሄዳችሁ «ቤኪንግ ሶዳ» ብላችሁ የምትገዙት ያው ነጭ ዱቄት። «ባህላዊ ዳቦ» ሲባል ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ስለ አሠራሩ ከሚታወቁት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው ካደረጓት ከደሴ ከተማ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብቻ ቢበልጥ ነው።

ታዲያ ደሴ ተቀምጦ ስለ አየርላንድ ዳቦ መጻፍ ምን ይሉታል? እኔ የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ነው፤ አሁንም የማጠናው ስለ ሙቀት ዝውውር ነው። ስለ ድሮ ምድጃዎች ሳነብ የአየርላንድ ገጠር ጋ ስደርስ ስለ ደሴ ዙሪያ የማነብ መሰለኝ። ኦቭን የላቸውም። ያላቸው ክፍት ምድጃና እግር ያለው ከባድ የብረት ድስት ነው። ቡሖው ድስቱ ውስጥ ይገባል፣ ይከደናል፣ ከዚያ ክዳኑ ላይ ፍም ይጫናል።

ይህንን ማን ያጣዋል? እኛ ጋ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ቡሖው ይደፋል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ሌላ ምጣድ ይገጠምበታል፣ አናቱ ላይ እሳት ይደረጋል። ችግር ከሁለት ወገን የያዘው ሰው «እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ያውም አየርላንዶቹ ማገዷቸው እንጨት አልነበረም። ደናቸው ቀድሞ አልቆ ስለነበር የሚያነዱት ከረግረግ መሬት እንደ ጡብ እየተቆረጠ የሚደርቅ፣ የበሰበሰ ሣርና ሥር የሞላበት ጥቁር አፈር ነው። ነበልባሉ ትንሽ ነው፤ ግን ፍሙ ሳይቸኩል ለረጅም ሰዓት እኩል ይግላል። ከጦሳ ጀርባ ባለው ደጋ ኩበት የሚያነድ ቤት ያደገ ሰው ይህን ጠባይ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሁለት እሳት ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። እንጀራ ስስ ነው፤ ከታች የሚመጣው ሙቀትና አክንባሎው ሥር የሚታፈነው እንፋሎት ይበቃዋል። ዳቦ ግን ወፍራም ነው፣ ሊጥ ደግሞ ሙቀት በቶሎ አያሳልፍም። በጥቅሉ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ መሐሉ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከታች ብቻ ብታነዱ መሐሉ ሳይበስል ሥሩ ከሰል ይሆናል። ከላይም ስታነዱ ግን ሙቀቱ የሚጓዘው መንገድ በግማሽ ያጥራል፤ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ኮባው ደግሞ እንዳይያዝና እንዳያር ይከላከላል፣ እንፋሎቱንም ይይዛል። አየርላንዶቹ ኮባ የላቸውም፤ እነሱ የዳቦውን አናት በቢላ በመስቀል ቅርጽ በጥልቀት ይቆርጡታል። «ክፉ መንፈስ እንዲወጣ ነው» የሚል ወግ አላቸው። እንደ ምህንድስና ግን መስቀሉ ሙቀቱን ወፍራሙ መሐል ድረስ የሚያስገባ በር ነው።

ስለዚህ ምድጃው አንድ ነው፣ ማገዶው ወንድማማች ነው፣ ዘዴው አንድ ነው። የሚለያዩት በሚያስነሳው ነገር ብቻ ነው። እነሱ ሶዳ፣ እኛ እርሾ። ለምን?

ከጨው የተሠራ ማስነሻ

በ1830ዎቹ አየርላንድ ገጠር ውስጥ እርሾ ማግኘት ከባድ ነበር። ዋናው ምንጭ የቢራ ጠማቂዎች አረፋ ነው፤ እሱም ቶሎ ይበላሻል፣ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው አይደርስም። የአገሩ ስንዴም ለእርሾ አይመችም። ዝናብና ጭጋግ በበዛበት አየር የሚበቅለው ስንዴ ለስላሳ ነው፤ ግሉተን የሚባለው፣ ሊጥን እንደ ላስቲክ የሚያደርገው ፕሮቲን ያንሰዋል። እርሾ ጋዙን የሚያወጣው ቀስ እያለ በብዙ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ሰዓት ጋዙን አፍኖ የሚይዝ ጠንካራ ሊጥ ይፈልጋል። ደካማ ሊጥ እያፈሰሰ ያልቃል።

በዚህ መሐል ነው ፋብሪካ የገባው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን እ.ኤ.አ. በ1791 የምግብ ጨውን ወደ ሶዳ የሚለውጥ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፦ ጨው ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር፣ ቀጥሎ ከከሰልና ከኖራ ድንጋይ ጋር ይጋገራል። የሚገርመው ፋብሪካዎቹ ሶዳውን የፈለጉት ለመስታወትና ለሳሙና እንጂ ለዳቦ አልነበረም። ደብሊን የተወለደው ጄምስ መስፕራት በ1820ዎቹ ሊቨርፑል ላይ ይህንኑ ሥራ በሰፊው ጀመረ። ሊቨርፑል ከደብሊን ባሕር ማዶ ናት። ሶዳ በዝቶ ሲረክስ ወደ ባይካርቦኔት ተለውጦ በትንሽ ጥቅል አየርላንድ ገጠር ደረሰ። አይደርቅ፣ አይሞት፣ አይበላሽ፤ መደርደሪያ ላይ ዓመት ይቀመጣል። እርሾን ማን እንዲህ ማስቀመጥ ይችላል?

(በነገራችን ላይ የሶዳው ሁሉ መነሻ ጨው ነው። ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ከአፋር በግመል የሚወርደውን ጨው አስቡት። ጥሬ ዕቃው ከኮምቦልቻ ቁልቁል ብዙም ሳይርቅ ሲሸጥ ኖሯል፤ የጎደለው ፋብሪካው ነበር።)

ሶዳ ግን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አሲድ ይፈልጋል። ሶዳና አሲድ እርጥበት ላይ ሲገናኙ ወዲያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ሎሚ ላይ ሶዳ ስትነሰንሱ የሚፍለቀለቀው እሱ ነው። አየርላንዳዊቷ እናት አሲዱን ከየት አመጣችው? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጎረብጠው። አየርላንድ በዚያን ዘመን ቅቤ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ነበረች፤ የኮርክ ከተማ የቅቤ ገበያ በዓለም ትልቁ ይባል ነበር። ገበሬው ቅቤውን የሚሸጠው ለመሬት ኪራይ ነው። ቤት የሚቀረው ምንድን ነው? አሬራው። በላክቲክ አሲድ የኮመጠጠው አሬራ የድሃ ቤት መጠጥ ነበር፤ ሶዳው ሲመጣ ያው አሬራ ሞተር ሆነለት። ቅቤው ገበያ፣ አሬራው ለልጆች! ይህን ለወሎ አንባቢ ማብራራት አያሻኝም።

ደካማው ስንዴም በአንዴ ከጉድለት ወደ ጥቅም ተለወጠ። ሶዳ ጋዙን የሚለቀው በደቂቃዎች ስለሆነ ሊጡ ለሰዓታት እንዲይዝ አይጠበቅበትም፤ ጋዙ ሳያመልጥ እሳቱ ይደርስና ያጸናዋል። እንዲያውም ጠንካራ ዱቄት ለሶዳ ዳቦ አይሆንም፣ እንደ ጎማ ያስቸግራል። ዋናውን ሕግ ያዙልኝ፦ እርሾ ጠንካራ ሊጥና ጊዜ ይፈልጋል፣ ሶዳ ደካማ ሊጥና ፍጥነት ይፈልጋል። ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ የ1845ቱ ረሃብ መጣ። ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ ትልቁ ክፍል ኑሮው ድንች ላይ ነበር፤ ድንቹን በሽታ መታው። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። የአየርላንድ ደሴት ሕዝብ እስከ ዛሬ ከረሃቡ በፊት የነበረበት ቁጥር ላይ አልተመለሰም። ለእርዳታ ከአሜሪካ የመጣው በቆሎ ሌላ ጣጣ ነበረው፦ ድንጋይ የሚያህል ጠንካራ ፍሬ፣ ሁለት ጊዜ ካልተፈጨ የማይበላ፣ እንዴት እንደሚበስል የማይታወቅ። እህል ማድረስና ምግብ ማድረስ አንድ እንዳልሆነ ያኔ በከባድ ዋጋ ታየ። የሶዳ ዳቦ የየቤቱ የዘወትር ምግብ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ነው፤ ድንች ብቻውን የሚታመን ነገር መሆኑ ቀርቶ፣ ዱቄትና የብረት ድስት ረክሶ። እንግዲህ «ባህላዊ» የምንለው ዳቦ የፋብሪካ ኬሚካል፣ የተሸጠ ቅቤ ትራፊና የረሃብ ልጅ ነው። ይህን ስል ለማሳነስ አይደለም። ባህል ከዚህ ሌላ ከምን ይሠራል?

እኛ ጋ ሶዳ ቦታ ያጣበት ምክንያት

አንድ ቀላል መልስ አለ፦ «አልደረሰንም»። እውነት ነው፣ የኢንዱስትሪ ሶዳ ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። ግን መልሱ አይበቃኝም። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ ሶዳ ይሸጣል፤ ድፎ ግን አሁንም በእርሾ ነው የሚደፋው።

እኔ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለእንጀራ ነው። የአየርላንዷ እናት እርሾ የሌላት ቤቷ ውስጥ በየጊዜው የሚቦካ ነገር ስለሌለ ነው። የእኛዋ በሁለትና በሦስት ቀኑ ታቦካለች። ከላይ የሚጠለለው እርሾ ለሚቀጥለው ቡሖ ይቀመጣል፤ ያኛው ለሌላው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ደግሞ ሁለተኛ ምንጭ አለው። በአጭሩ እያንዳንዱ ጓዳ ሕያዋን እርሾዎችንና ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን በነፃ የሚያራባ ማቆያ ነበር። ቢጠፋ እንኳ ጎረቤት አለ፤ «እርሾ አበድሪኝ» ማለት እሳት እንደ መጫር ነው። የሶዳ ትልቁ ጥቅም እርሾ ለሌለው ሰው ማስነሻ መስጠቱ ነበር። እርሾ ሞልቶ ለተረፈው ቤት ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው ጾም ነው። የሶዳ ዳቦ አሬራ ይፈልጋል፣ የኦርቶዶክስ ምእመን ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከወተት ተዋጽኦ ይታቀባል። ድፎ የጾም ነው፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ካስፈለገ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል። ወሎ ላይ ይህ ሌላ ትርጉምም አለው። ለቡሄ የሚደፋው ዳቦና ለኢድ የሚደፋው ዳቦ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ቤት «በስመ አብ» ተብሎ፣ ሌላው ቤት «ቢስሚላህ» ተብሎ ይቆረሳል። ማንም ማንንም ሳያስቸግር የሚያካፍለው ዳቦ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይስተዋል። የሶዳ ዳቦ የአየርላንድ የዘወትር ምግብ ነው፣ ድፎ ደግሞ የእኛ የድግስ። ድግስ ከቀናት በፊት ይታወቃል፤ ቡሖ ማደሩ ችግር አይደለም። ድንገት እንግዳ ሲመጣ ወይም ቡናው ተፈልቶ የሚቀመስ ሲጠፋ የሚሠራው ቂጣ ነው። ቂጣ ምንም ማስነሻ አይፈልግም፤ ስስ ስለሆነ አንድ እሳት ይበቃዋል፣ በደቂቃዎች ይደርሳል። ስለዚህ ሶዳ እኛ ጓዳ ቢገባ የሚጋፋው ድፎን ሳይሆን ቂጣን ነበር፤ ቂጣ ደግሞ ቦታውን ለመልቀቅ የሚያበቃ ችግር አልነበረበትም።

ስለ ስንዴያችንም አንድ ነገር ልበል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴያችንን ብዛትና ዓይነት አይቶ ተደንቋል፤ ነባሩ የደጋ ስንዴያችን ብዙው ፓስታ የሚሠራበት የዱረም ወገን ነው። የዱረም ግሉተን ጠንካራ ቢሆንም እንደ ዳቦ ስንዴ አይለጠጥም፤ የድሮ ድፎ ጥቅጥቅ ያለው ያለምክንያት አይደለም። «ፉርኖ» የምንለው ነጭ ዱቄት ስሙም ጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ ፉርኖ ማለት ምድጃ ነው።

አየርላንዶች ወሎ ሲመጡ

የሁለቱ አገሮች ታሪክ የተገናኘው በዳቦ ሳይሆን ዳቦ በማጣት ነው። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ የእርዳታ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1973፣ በእኛ በ1965/66 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሰዓት። በ1977ቱ ድርቅ የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ሲወጣ የዓለም ዘፋኞችን ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍም አየርላንዳዊ ነው። የራሳቸው ረሃብ ትዝታ ምን ያህል እንደገፋቸው መለካት አልችልም፤ አየርላንዶች ግን ራሳቸው ሁለቱን ሲያያይዙ ይሰማል።

የእርዳታ ስንዴ እንደ አየርላንዱ በቆሎ ያው ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስንዴ በፍሬው ሲታደል ወፍጮ ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ ጉልበት ያላት እናትም ይፈልጋል። እርሾውም ቤት ሲበተን አብሮ ይሞታል፤ ከቀዬው ተነቅሎ መጠለያ የገባ ሰው ቡሃቃውን ተሸክሞ አይመጣም። በዚህ ረገድ ከዳቦ ታሪክ የተማርነው ነገር ሌላ ቦታ ፍሬ አፍርቷል። በ2003 ገደማ ኮንሰርን ከአጋሮቹ ጋር በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትን ማዕከል ውስጥ ከማስተኛት ይልቅ ቤታቸው ሆነው የሚታከሙበትን አሠራር ሞክሯል። ይሰጣቸው የነበረው ከለውዝ የተሠራ፣ ውኃም እሳትም የማይፈልግ ቅባታም ምግብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን አካሄድ በ2007 በጋራ ተቀበሉት።

ደሴ ላይ ብትጋግሩት

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የአየርላንድ የምግብ አሠራር የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደነቁረው በአየር ግፊት ለውጥ ነው፤ ዳቦውም ያንኑ ይሰማዋል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ 5 ግራም ያህል ነው። ጋዙ በሙሉ ቢወጣ በቤት ሙቀት፣ ባሕር ጠለል ላይ 1.5 ሊትር ገደማ ይሞላል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ሶዳ 1.8 ሊትር፣ ደሴ ላይ ወደ 2 ሊትር ይሆናል፤ ግፊቱ ስላነሰ ጋዙ ይሰፋል። በሦስተኛ እጅ የበለጠ መንፋት ማለት ነው። ዳቦው መጀመሪያ ያምራል፣ ከዚያ ሳይጸና መሐሉ ይሰምጣል።

በአሲዱም በኩል ቁጥሩ ያንኑ ይላል። በደንብ የኮመጠጠ አሬራ በክብደቱ 0.9 በመቶ ያህል ላክቲክ አሲድ ይኖረዋል ብንል፣ 350 ሚሊ ሊትሩ የሚያበርደው 3 ግራም ያህል ሶዳ ብቻ ነው። የተረፈው ሶዳ ዳቦውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሳሙና ሳሙናም ይለዋል። ስለዚህ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ይበቃችኋል። እኔ ደሴ ላይ የምጠቀመው ይህንኑ ነው፦ 450 ግራም ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ ማንኪያ የተነፋ ሶዳ፣ አንድ ማንኪያ ጨው፣ 350 ሚሊ ሊትር አሬራ፤ ዱቄቱ ደረቅ ከሆነ ትንሽ ጨመር። አሬራ ካጣችሁ እርጎ በውኃ አቅጥኑ። ጾም ከሆነ ውኃ ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ሎሚ ከአሬራ በብዙ እጥፍ ስለሚጎመዝዝ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል አያንሰውም አይበዛበትም። «ቤኪንግ ፓውደር» ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሲዱ አብሮት የተቀላቀለ ስለሆነ አሬራ አይፈልግም፣ በሶዳ ልክም አይለካም።

እጃችሁን አታስረዝሙ። ማሸት የለም፤ ልክ እንደተያያዘ አድበልብሉት፣ በመስቀል ቁረጡት፣ ወዲያው እሳት ላይ። ጋዙ እየወጣ ነው፤ ስልክ ለማንሳት እንኳ ጊዜ የለም። ወፍራም የብረት ድስት አስቀድማችሁ በከሰል አግሉ፣ ኮባ ካለ አንጥፉበት፣ ክደኑት፣ ክዳኑ ላይ ፍም ጫኑ። ከላይ የሚጫነው ከታቹ በዛ ይበል፤ የታቹ በቶሎ ያሳርራል። ከላይም ከታችም የሚግለው የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያም ይሆናል፣ መብራት እስካለ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ። የውጭ አገር አሠራሮች «መሐሉ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ» ይላሉ፤ ደሴ ላይ ብትጠብቁ አይደርስም። እኛ ጋ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ የእርጥብ ዳቦ መሐልም ከዚያ አያልፍም። ሥሩን በጣት አንኳኩት፤ ባዶ ሣጥን የመሰለ ድምፅ ካሰማ በስሏል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ሕግ አስታውሱ፦ ሶዳ ለደካማ ዱቄት ነው። ደሴ ዙሪያ ደጋው የበልግ ገብስ አገር ነው። የገብስ ሊጥ በእርሾ ብዙም አይነሳም፣ ጋዝ የሚይዝበት ግሉተን የለውም ማለት ይቻላል። በሶዳ ግን ሲሦው ገብስ፣ የቀረው ስንዴ ሲሆን ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል፤ ጣዕሙም ቆሎ ቆሎ ይላል። ይህን የአየርላንድ መጽሐፍ አልነገረኝም፣ የሊጡ ባሕርይ ነው የነገረኝ። ለእኔ ሶዳ እኛ ጋ እውነተኛ ቦታው ይኼ ነው፤ ድፎን መተካት ሳይሆን ገብሱን ማንሳት።

ድፎን ይተካ ለሚል ሰው ግን አልስማማም፤ ምክንያቴ ትዝታ አይደለም። ያልተነፋ ዱቄት ፋይቴት የሚባል ነገር አለው፤ ብረትና ዚንክን አጥብቆ ይዞ አንጀት እንዳይቀበላቸው ያደርጋል። እርሾ ውሎ ሲያድር ሊጡ ይኮመጥጣል፣ በዚያ ኮምጣጣ ውስጥ የእህሉ ኢንዛይም ፋይቴቱን ይሰባብረዋል። የሶዳ ዳቦ ለዚህ ሥራ ጊዜም አሲድም አይሰጠውም። ሶዳ ሲበዛ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ያጠፋል። ሥጋ አልፎ አልፎ ለሚቀመስበት፣ ልጆች የሚቀነጭሩበት ቤት ያቺ አንዲት ሌሊት ሥራ ፈትታ አታድርም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሶዳ ወሎ ያልገባው እያንዳንዱ ጓዳ እርሾ ስለነበረው ነው ብያለሁ። አሁን ኮንዶሚኒየም የገባው፣ ደሞዝ ላይ የሚኖረው የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰብ እንጀራ እየገዛ ነው። እንጀራ ከተገዛ የሚያድር ቡሖ የለም፤ ቡሖ ከሌለ እርሾ የለም፤ ለበዓል ሲሆን ከሱቅ ደረቅ እርሾ ይገዛል፣ ዳቦው በሁለት ሰዓት ይነሳል፣ ኮምጣጣውም የለም፣ ፋይቴቱም አለ። የ1830ዎቹን የአየርላንድ ጓዳ ወደ መምሰል ነው የምንሄደው፣ በሌላ በር።

እንጀራ ለማትጋግሩ እርሾ የማቆያ መንገዱ ይኼ ነው። እርሾ ካላት እናት ወይም ጎረቤት አንድ ጭብጥ የቦካ ሊጥ ውሰዱ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ትሪ ላይ እንደ ወረቀት አሳስታችሁ ለጥፉት፤ ጥላ ውስጥ፣ ፀሐይ ሳይመታው ይድረቅ። ሲሰባበር ፈርፍሩትና በደረቅ ብልቃጥ ክደኑት። ለወራት ይቆያል። ስትፈልጉት ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ለብ ባለ ውኃ በጥብጡት፣ እፍኝ ዱቄት ጨምሩ፣ በማግስቱ ሌላ እፍኝ። አረፋ ሲያወጣና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲሰጥ ነፍስ ዘርቷል፤ ድፎውን ደፍታችሁ ከቡሖው አንድ ጭብጥ ማስቀረት አትርሱ።